ሚዛን አጉዳዩ የት ነው?

እ.ኤ.አ. በ1823 ፓሪስ ውስጥ «የአድሬ ማደሪያ ቤት» የሚባል አስለቃሽ ሜሎድራማ ታየ። ተዋናዩ ፍሬደሪክ ለሜትር ግን ወንበዴውን ሮበር ማኬርን መሳቂያ አደረገው። ማኬር በ1834 አክሲዮን እየሸጠ የሚያጭበረብር ነጋዴ ሆኖ ተመለሰ፤ በዓመቱ ሳንሱር አገደው። የእኛም የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት «ፋቡላ» ሹማምንቱን በአውሬ ተረት በመንካቱ ነው የታገደው።

ዛሬ በሚዛንና በቴፒ ከልካይም አያስፈልግም። የበዓል ቀን ጭውውት ስለ ችግኝ፣ ስለ ሰላም ይመክራል (መምከሩ ክፉ አይደለም)፤ ከዚያ ጭብጨባ። በሚዛን ከተማ ሚዛን የሚያጎድለው ቡና ሰብሳቢስ? ገበሬውን በብድር አስሮ ቡናውን ገና በአበባው የሚገዛው ሰውዬስ? ገበሬው በየዓመቱ የሚያውቀውን ማኬር መድረክ ላይ የሚያጣው፣ ሰውዬው የፊት ወንበር ላይ ስለሚቀመጥ ነው?