«ስንት ግራም ነው?»

አምና የጥርን ብርድ ሸሽተን ከማያሚ ወደ ካሪቢያን የሰባት ቀን የመርከብ ሽርሽር ወጣን። የመርከቡ ዋጋ ብዙም አልጎዳንም። የጎዳን መርከቡ በቆመ ቁጥር እየወረድን የሸመትነው ነው።

ሻርሎት አማሊ በሴንት ቶማስ ደሴት ላይ ያለች የአሜሪካ ቨርጂን ደሴቶች ዋና ከተማ ናት። ዋናው መንገዷ ግራና ቀኙ ወርቅ ቤት ነው፤ ፒያሳን ያስንቃል። አክስቴ አብረውን ነበሩ። ሻጩ አንድ ሀብል አውጥቶ በጥቁር ከፋይ ላይ ዘረጋላቸው።

«ስንት ግራም ነው?» አሉ። አስተረጎምኩ። ሻጩ ዋጋውን ነገረን።

«ዋጋውን መች ጠየቅሁት? ግራሙን ይንገረኝ።»

ሰውዬው ሚዛን ላምጣ ብሎ ጓዳ ገባ። ሲመለስ ሚዛን አልያዘም፤ ዋጋው ግን 150 ዶላር ቀንሷል። ግራሙን እስክንወጣ ድረስ አልሰማነውም። ግራሙና ካራቱ ካልታወቀ የዚህን ሱቅ ዋጋ ከዚያኛው ጋር በምን ያወዳድሩታል?

የእኔ ጥፋት ከዚህ ይቀጥላል። ጎረቤት ያለው ሱቅ ሻጭ ከየት እንደመጣን ጠየቀን። «ኢትዮጵያ» ስንል ፊቱ በርቶ የኦፓል ቀለበት አወጣ። በእ.ኤ.አ. 2008 ገደማ ደላንታ ውስጥ ወገል ጤና አካባቢ ከተገኘ ወዲህ የወሎ ኦፓል ዓለምን አዳርሷል። ቀዩ፣ አረንጓዴው፣ ሰማያዊው በአንዲት ጠጠር ውስጥ ሲተራመስ አይቼ በ650 ዶላር ለባለቤቴ ገዛሁላት። ደሴ ያደጉት አክስቴ፣ «የደላንታን ድንጋይ ልትገዛ ነው ይሄን ሁሉ ባሕር የተሻገርከው?» ብለው እስከ መርከቡ ድረስ ሳቁብኝ።

ቤት ገብተን ሳምንት ሳይሞላ ባለቤቴ ቀለበቱን ሳታወልቅ ዕቃ አጠበች። ድንጋዩ ቀለሙ ጠፍቶ ብርጭቆ መሰለ። ደነገጥን። ለካ የወሎ ኦፓል ውኃ ይጠጣል፤ ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል፤ በሁለተኛው ቀን ተመለሰ። ዘይትና ሽቶ ከጠጣ ግን እንዲህ በቀላሉ ላይለቀው ይችላል። በጭስ አጥቁረው የሚሸጡትም አሉ። ሻጩ ከዚህ ሁሉ አንዱን አልነገረኝም። የነገረኝ ቀለበቱ 1,400 ዶላር እንደሚያወጣ ነው፤ ወረቀትም ጽፎ ሰጥቶኛል። ሲልቨር ስፕሪንግ ለአንድ ዐዋቂ ባሳየው የገዛሁበትን እንኳ እንደማይሞላ ነገረኝ። ሻጭ ለራሱ ዕቃ የሚጽፈው የዋጋ ምስክርነት ምን ሊል ኖሯል?

ለነገሩ እዚያ ሱቅ የገባሁት መርከቡ ላይ በታደለን ካርታ ተመርቼ ነው። የመርከቡ አስተዋዋቂ ከዋዜማው ጀምሮ «የታመኑ» ያላቸውን ሱቆች ሲዘረዝርልን ነበር። ከካርታው ግርጌ በደቃቃ ፊደል ሱቆቹ ለማስተዋወቂያ እንደከፈሉ ተጽፏል፤ እኔ ያነበብኩት በመልሱ ጉዞ ነው።

«ከቀረጥ ነፃ» የምትለዋ ቃልም ብዙ ሰው ታሞኛለች። ቀረጥ ያልተከፈለበት ዕቃ ርካሽ ነው ያለ ማነው? ትርፉን ሻጩ ያስቀረው እንደሆነስ? የአሜሪካ ነዋሪ ከካሪቢያን ሲመለስ 800 ዶላር፣ ከቨርጂን ደሴቶች ከሆነ ደግሞ እስከ 1,600 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ያለ ቀረጥ ያስገባል። ግን የቤትዎን ሰፈር ዋጋ ሳያውቁ ይሄ ምን ይፈይዳል? እኔን ያዋጣኝ መጠጥ ብቻ ነው፤ ከቨርጂን ደሴቶች አንዷ የሆነችው የሴንት ክሮይ ሩም ከሰፈሬ በግልጽ ይረክሳል። ጠርሙሱን መርከቡ ተረክቦ የሚመልሰው በመጨረሻው ምሽት ስለሆነ በመንገድ ላይ ለመጠጣት ያሰበ አይድከም።

ዘንድሮም ልንሄድ ነው። እኔ የወርቁን የግራም ዋጋ ስልኬ ላይ ጽፌያለሁ። አክስቴ ስልክ አያምኑም፤ ሻንጣቸው ውስጥ የኪስ ሚዛን ከተዋል።