የምሥጢር ቁጥር ምሥጢር ይሁን

በሚዛን ተፈሪና በቴፒ አካባቢ ያለ ቡና አምራች ፍሬውን ለቅሞ በአልጋ ላይ ካሰጣበት ቀን አንሥቶ ለነጋዴ እስኪያስረክብ ድረስ ከዝናብና ከሌባ ሲጠብቀው ይከርማል። ቡናው ተሸጦ ዋጋው በእጅ ስልክ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ጠባቂው ማን ነው? ዛሬ ልናነሣው የወደድነው ጥያቄ ይህ ነው።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረና የባንኮችም አገልግሎት በስልክ ከተስፋፋ ወዲህ፣ አባት ከደጁ ሳይርቅ ለተማሪ ልጁ ገንዘብ መላክ ችሏል። ይህ ሊመሰገን የሚገባው እርምጃ ነው። ነገር ግን ገንዘብ በሄደበት መንገድ ሌባም ይከተላል።

የዛሬው ሌባ ግድግዳ አይሰረስርም። «ከባንክ ነው የምንደውለው፤ ሒሳብዎ ሊዘጋ ስለሆነ አሁን የደረሰዎትን ቁጥር ይንገሩን» ይላል። ያ ቁጥር ሌባው በሰውየው ስም ለመግባት ሲሞክር ለባለ ሒሳቡ የተላከ የአንድ ጊዜ ቁልፍ ነው። ወይም «በስሕተት ገንዘብ ልኬብዎታለሁና ይመልሱልኝ» ብሎ ሐሰተኛ መልእክት ይሰዳል። የዘዴው ሁሉ ሥር ማስቸኮል ነው። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል እንዲሉ፣ ባለገንዘቡ ሒሳቡን ሳይመለከት የላቡን ፍሬ በገዛ እጁ ያስረክባል።

በቤት ውስጥ ባለው ኮምፒዩተርም አደጋው ያው ነው። ዋይፋይ የሚያሠራጨው መሣሪያ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው የይለፍ ቃል ካልተለወጠ፣ ቃሉን ያወቀ ሰው ገብቶ ወደ ባንክ ገጽ የምንሄደውን ወደ ሐሰተኛ ገጽ ሊመራን ይችላል። በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ፕሮግራምም የካርድ ቁጥራችንን የሚቀዳ ቫይረስ ሊያስገባብን ይችላል። ስለዚህ ቃሉን መለወጥ፣ ኮምፒዩተሩን ማዘመን፣ በሰው ኮምፒዩተር ላይም የባንክ ሥራ አለመሥራት ይገባል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ጉዳይ ግን አለ። ማንበብ የማይችል ገበሬ ስልኩን ለተማሪ ወይም ለጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ሰጥቶ የምሥጢር ቁጥሩን ጮክ ብሎ ሲናገር ዘወትር እናያለን። እኛም የረዳነው መስሎን እንቀበላለን። ዳሩ ግን ቁጥሩን ለእኛ መንገር የለመደ ሰው «ከባንክ ነኝ» ላለው እንግዳ ለመንገር ምን ያግደዋል? ሌባው የሚያጭደው እኛ የዘራነውን ልማድ ነው።

የኮምፒዩተር ወንጀል ዐዋጅ ቁጥር 958/2008 አጭበርባሪውን ይቀጣል። ይሁን እንጂ ሕግ የሚደርሰው ከጥፋቱ በኋላ ነው። የተታለለ ሰው ሳይዘገይ ለቴሌብር በ127፣ ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በ951 ደውሎ ሒሳቡን ያሳግድ፤ ለፖሊስም ያመልክት።

የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለዕረፍት ወደ ቤቱ ሲገባ፣ ወጣቱ ሠራተኛም ባለጉዳይ ሲያስተናግድ፣ ፊቱን መልሶ ባለገንዘቡ ቁጥሩን በገዛ ጣቱ እንዲነካ ያስተምር። ሥራው የጥቂት ደቂቃ ነው፤ የሚያድነው ግን የዓመት ድካም ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።