ድልድይ ላይ የሚለጠፈው ተስፋ

ሊድ ዚርኮኔት ታይታኔት ድንቅ ሴራሚክ ነው። ሲጫኑት የኤሌክትሪክ ቻርጅ ያመነጫል፤ ቮልቴጅ ሲሰጡት መጠኑን ይለውጣል። የሐኪም አልትራሳውንድ የሚሠራውም በዚሁ ጠባዩ ነው። «ብልህ ግንባታ» የሚባለው የምርምር ዘርፍ ግን ከዚህ ተነሥቶ ሩቅ ሄዷል፤ የሴራሚኩ ቁራሾች ድልድይ ላይ ከተለጠፉ ድልድዩ ሕመሙን ራሱ ይናገራል፣ ንዝረቱንም ራሱ ያበርዳል ይለናል። ይህ ተስፋ የሰው ሕይወት የሚያስከፍል መዘናጋት ያመጣል።

ድልድይን ከሚጥሉት ነገሮች አንዱ ቀስ እያለ የሚከማች ጉዳት ነው፤ ዝገት፣ የመሠረት መስመጥ፣ በየጊዜው የሚጨመር ክብደት። ሴራሚኩ ደግሞ የሚያውቀው ፈጣን ለውጥን ነው። ጭነቱ ባለበት ሲቆይ የመነጨው ቻርጅ በሴራሚኩና በመለኪያው በኩል ፈስሶ ያልቃል። ንባቡ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ ክብደቱ ግን እዚያው ነው። ሙቀት ሲለዋወጥም ቻርጅ ስለሚያመነጭ የረፋድ ፀሐይ ጭነት መስላ ልትነበብ ትችላለች። በእርግጥ በሴራሚኩ የአልትራሳውንድ ሞገድ ልኮ ስንጥቅ መፈለግ ይቻላል፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ውጤቱ ያማረ ነው። ውጭ ግን ሙቀትና የማጣበቂያው እርጅና ሞገዱን ስንጥቁ ከሚለውጠው በላይ ሊለውጡት ይችላሉ። በአንቀሳቃሽነቱም ርዝመቱን የሚለውጠው ከሺህ አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው። ለቀጭን የአውሮፕላን ገበታ ይበቃ ይሆናል፤ ለድልድይ ግን ከንቱ ነው።

ከዚህ የሚከፋው፣ አደጋ የሚደርሰው መረጃ ስለጎደለ ነው የሚለው እምነት ነው። በሚኒያፖሊስ የአይ-35ደብልዩ ድልድይ እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2007 ወንዝ ውስጥ ወድቆ 13 ሰዎች ሞቱ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ የደረሰበት ምክንያት የንድፍ ስሕተት ነበር፤ የማገጣጠሚያ ሰሌዳ ብረቶቹ ሊኖራቸው ከሚገባው ውፍረት ግማሽ ያህሉን ብቻ ነበራቸው። ሰሌዳዎቹ ጎብጠው የሚታዩበት ፎቶግራፍ ከአደጋው ዓመታት አስቀድሞ ተነሥቶ ነበር! በዕለቱም ለጥገና የመጣ አሸዋ፣ ጠጠርና ከባድ መሣሪያ በዚያው ደካማ መገጣጠሚያ አናት ላይ ተከምሮ ነበር። ጉብጠቱን ካሜራ አይቶታል፤ ሒሳቡን እንደገና ያሰላ ግን አልነበረም።

በምትኩ የተሠራውና በ2008 የተከፈተው ድልድይ ከ300 በላይ ዳሳሾች አሉት። ለዝግተኛው ለውጥ በብዛት የተመረጡት ታዲያ በሽቦ ርግብግብታ የሚለኩ ናቸው፤ መሐንዲሶቹ ትክክል ነበሩ።

ስለዚህ ለዳሳሽ በጀት የሚጠይቅ ሁሉ አስቀድሞ የድልድዩን የንድፍ ሒሳብ ዳግም አስፈትሾ ያቅርብ። ውሉም ላይ ንባቡ ከገደብ ሲያልፍ መንገዱን የመዝጋት ሥልጣን ያለው ሰው በስሙ ይጻፍበት።