የኪጋሊ አቀበትና የሐርጌሳ ጎዳና፦ ሴት ብስክሌተኛን ከመነሻው መስመር የሚያደርሳት ምንድን ነው?

መስከረም 17 ቀን 2018 ዓ.ም. የዓለማችን ምርጥ ሴት ብስክሌተኞች በሩዋንዳ መዲና ኪጋሊ 164.6 ኪሎ ሜትር ጋልበዋል። ርቀቱ ከሐርጌሳ ተነስቶ በርበራ ወደብ ከሚያደርሰው መንገድ ጋር ተቀራራቢ ነው። ይሁንና የሐርጌሳው መንገድ ከደጋው ወደ ባሕሩ ሲወርድ፣ የኪጋሊው በአንድ ከተማ ኮረብታዎች መካከል እየተሽከረከረ ጋላቢዎቹን በድምሩ 3,350 ሜትር ገደማ ሽቅብ ያስወጣል።

ድሉ አስቀድሞ ለተገመተላቸው አልሆነም። ተጠባቂዎቹ ከኋላ እርስ በርስ ሲጠባበቁ፣ ካናዳዊቷ ማግደሌን ቫሊዬር ከፊት ከወጡት ጋር ገሥግሣ የዓለም ሻምፒዮናን ቀስተ ደመናማ ማሊያ ለብሳለች። የኒውዚላንዷ ኒያም ፊሸር ብላክ ሁለተኛ፣ የስፔኗ ማቪ ጋርሲያ ሦስተኛ ወጥተዋል። ካናዳ በአዋቂዎች የጎዳና ላይ ውድድር የዓለም ሻምፒዮን ስታፈራ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ከውጤቱ ይልቅ በታሪክ የሚመዘገበው ግን ሥፍራው ነው። በ1900 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት፣ በምኅጻሩ ዩሲአይ፣ የጎዳና ላይ የዓለም ሻምፒዮናውን ወደ አፍሪካ ያመጣው ገና በ2025 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ውድድሩ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ደጃፍ መምጣቱ ለአካባቢው ሴት ልጆች ምን ለወጠ? ጥያቄው ከኪጋሊ ይልቅ ከሐርጌሳ ሆኖ ሲታይ መልሱ የተለየ ነው። ሐርጌሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,200 ሜትር በላይ ከፍታ አላት፤ ወደ በርበራ የሚወርድ መንገድ አላት፤ ከበርበራ ወደ ቡርዖ በሚወስደው መስመር ላይ ደግሞ የሼኽ ጠመዝማዛ አቀበት አለ። ከዚህ ምድር የምትነሣ ሴት ብስክሌተኛ የሌላት ሌላ ነገር ነው። ወደ ዓለም ሻምፒዮና የሚያስገባ ባንዲራ።

ዘግይቶ የተከፈተ በር

የሴቶች የዓለም ሻምፒዮና ራሱ ብዙ ተጠብቆ የመጣ ነው። ወንዶች አማተር ጋላቢዎች በ1921 በኮፐንሃገን ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ሻምፒዮንነት ሲወዳደሩ፣ ሴቶች ተመሳሳይ ዕድል ያገኙት በ1958 በፈረንሳይዋ ራንስ ነው። የመጀመሪያዋ አሸናፊ ሉክሰምበርጋዊቷ ኤልሲ ጃኮብስ ነበረች። በመካከሉ 37 ዓመታት አልፈዋል።

ከ23 ዓመት በታች ያሉ ወንዶች ከ1996 ጀምሮ የራሳቸው ውድድር አላቸው። በዚሁ የዕድሜ ክልል ያሉ ሴቶች ግን ከአዋቂዎቹ ጋር ተደባልቀው ሲጋልቡ ቆይተው፣ ለብቻቸው የተለየ የጎዳና ላይ ውድድር ያገኙት በኪጋሊ ነው። ፈረንሳዊቷ ሴሊያ ዠሪ አሸንፋዋለች።

ይህ መዘግየት ለአፍሪካውያን ሴቶች እጥፍ ድርብ ነው። የሞሪሸሷ ኪም ለ ኩር ማሳያ ትሆናለች። በወጣትነቷ አውሮፓ ውስጥ ሞክራ ወደ አፍሪካ ተመልሳ ነበር። በ2024 በትልቅ ቡድን ውስጥ ቦታ ስታገኝ ግን በዓመት ልዩነት በሊዬዥ ባስቶኝ ሊዬዥ አሸነፈች፤ በ2025ቱ የሴቶች ቱር ደ ፍራንስም ቢጫ ማሊያ ለበሰች። ችሎታዋ ቀድሞም ነበር። የጎደላት ቡድን፣ የውድድር ቀንና ደመወዝ ነበር።

የፌዴሬሽኑ ቁልፍ

በዓለም ሻምፒዮና ላይ ጋላቢዎች የሚሰለፉት በሚጋልቡለት የንግድ ቡድን ስም ሳይሆን በአገራቸው ማሊያ ነው። የሚመርጧቸውና የሚያስመዘግቧቸው ብሔራዊ ፌዴሬሽኖች ናቸው። የየአገሩ የተሳታፊ ብዛትም በአመዛኙ ጋላቢዎቹ በዓመቱ ውስጥ በሰበሰቡት ነጥብ ይወሰናል። ነጥብ የሚገኘው ደግሞ በታወቁ ውድድሮች ላይ በመሳተፍ ሲሆን፣ ከእነዚህ የሚበዙት በአውሮፓ ይካሄዳሉ።

ስለዚህ ከአዲስ አበባ፣ ከአስመራ ወይም ከኪጋሊ የምትነሣ ወጣት ከመጀመሪያው አቀበት በፊት ቪዛ፣ የአውሮፕላን ትኬት፣ የብስክሌት ማጓጓዣና የፌዴሬሽን ፊርማ ያስፈልጓታል። በ2025 ይህ ወጪ ምን ማለት እንደሆነ አንዳንድ የአውሮፓ አገሮችም ቀምሰውታል። ጉዞው ውድ ነው በሚል ወጣት ቡድኖቻቸውን ወደ ኪጋሊ ያልላኩ ፌዴሬሽኖች ነበሩ። ለእነርሱ የአንድ ዓመት ችግር የነበረው ለአፍሪካውያኑ የየዓመቱ ነው።

ሩዋንዳ በዚህ ረገድ የሠራችው ትምህርት ይሆናል። ዓመታዊው የሩዋንዳ ዙር ውድድር ከ2009 ጀምሮ በዓለም አቀፉ መርሐ ግብር ውስጥ ገብቷል። በ2015 ዣን ዳርክ ጊሩቡንቱ በአሜሪካዋ ሪችመንድ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና አገሯን ወክላ ተወዳድራለች። ከእርሷ በኋላ ዲያን ኢንጋቢሬ በአውሮፓ የካንየን ስራም ታዳጊ ቡድን ውስጥ ገብታለች። ኪጋሊ ሻምፒዮናውን ከማዘጋጀቷ በፊት ፌዴሬሽን፣ ውድድርና ጋላቢ ነበራት።

ባንዲራዋን ያጣችው

ፌዴሬሽንና ባንዲራ መኖሩ ግን ሁልጊዜ ዋስትና አይሆንም። ኢትዮጵያ በ1956 በሜልበርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ ከልዑካኑ መካከል ብስክሌተኞች ነበሩ። በቅርቡ ዘመንም ጽጋቡ ግርማይ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ሰላም አምሃ ደግሞ በቶኪዮ ኦሊምፒክ የሴቶች የጎዳና ላይ ውድድር ኢትዮጵያን ወክላለች። የስፖርቱ ዋና ማዕከል ሆና የቆየችው መቐለ ናት።

ኅዳር 2020 ላይ የተቀሰቀሰው የትግራይ ጦርነት ይህን ማዕከል ክፉኛ ጎድቶታል። የትግራይ ተወላጇ እየሩ ገብሩ በዓለም ሻምፒዮናዎች ላይ የኢትዮጵያን ማሊያ የለበሰች ጋላቢ ነበረች። በጦርነቱ ምክንያት ከአገሯ ተለይታ በፈረንሳይ ጥገኝነት አገኘች። በ2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ በሴቶች የጎዳና ላይ ውድድር የተሰለፈችው በስደተኞች የኦሊምፒክ ቡድን አባልነት ነው። ቡድኑ 37 ስፖርተኞች ነበሩት።

ባንዲራዋን ያጣች ሴት ከመነሻው መስመር ልትደርስ የቻለችው የስፖርቱ ዓለም ለእንደ እርሷ ያሉት በ2016 አዲስ ቦታ ስለፈጠረ ነው። ያ ቦታ ከዚያ በፊት አልነበረም።

ባንዲራዋ ያልተመዘገበላት

የሶማሊላንድ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። በ1991 ከሶማሊያ መነጠሏን ያወጀችው ሶማሊላንድ የራሷ መንግሥት፣ ገንዘብና ፓስፖርት ቢኖራትም ሰፊ ዓለም አቀፍ ዕውቅና አላገኘችም። ሶማሊያ የግዛቴ አካል ናት ትላለች። በኦሊምፒክ ቻርተር መሠረት ደግሞ አዲስ ብሔራዊ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ዕውቅና የሚያገኘው በዓለም አቀፉ ማኅበረሰብ ነጻ አገር ተብሎ የታወቀ አገር ሲኖር ነው። የተባበሩት መንግሥታት አባል ያልሆነችው ኮሶቮ በ2014 በዚህ በር የገባችው፣ ብዙ አገሮች አስቀድመው ዕውቅና ስለሰጧት ነበር።

ከሐርጌሳ የተነሣ ስፖርተኛ ያለው ምርጫ በመሆኑም ጠባብ ነው። አንደኛው፣ በሶማሊያ ባንዲራ ሥር መሰለፍ ሲሆን ይህ በሶማሊላንድ ፖለቲካ ውስጥ ቀላል ውሳኔ አይደለም። ሁለተኛው፣ ዕውቅና በሌላቸው መካከል በሚደረጉ ውድድሮች መወሰን ነው። የሶማሊላንድ የወንዶች እግር ኳስ ቡድን በ2016 በአብካዚያ በተካሄደው የኮኒፋ ዋንጫ የተሳተፈው በዚህ መንገድ ነው። ሦስተኛው መሰደድ ነው።

ሦስተኛው ምርጫ ምን እንደሚመስል ሁለት የታወቁ ታሪኮች ይናገራሉ። አራት የኦሊምፒክ ወርቅ ለብሪታኒያ ያስገኘው ሞ ፋራህ የሶማሊላንድ ተወላጅ መሆኑንና በሕፃንነቱ በሌላ ልጅ ስም በሕገ ወጥ መንገድ መወሰዱን በ2022 ለዓለም ተናግሯል። በ2008 በቤጂንግ ኦሊምፒክ ለሶማሊያ የሮጠችው የሞቃዲሾዋ ሳሚያ ዩሱፍ ኦማር ደግሞ አሠልጣኝ ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ መጥታ ነበር። ከዚያ በሱዳንና በሊቢያ አድርጋ ወደ አውሮፓ ለመሻገር ስትሞክር በ2012 በሜዲትራኒያን ባሕር ሰጥማ ሞተች። ሳሚያ ባንዲራ ነበራት፤ የምትለማመድበት ሰላማዊ ሜዳና አሠልጣኝ ግን አልነበራትም።

ፖለቲካው የት ላይ ይቆማል?

የስፖርት ተቋማት ለዚህ የሚሰጡት የተለመደ መልስ፣ ስፖርት በፖለቲካ ውስጥ አይገባም የሚል ነው። ይሁንና ኪጋሊ ራሷ ይህን አባባል ፈትናዋለች። በየካቲት 2025 የአውሮፓ ፓርላማ በምሥራቅ ኮንጎ ጦርነት ምክንያት ሩዋንዳ አቋሟን ካልለወጠች ሻምፒዮናው እንዲሰረዝ ጠይቆ ነበር። ዩሲአይ ውድድሩን ከኪጋሊ አላነሣም።

ዝግጅቱ ከአገሮች ጠብ በላይ መሆን አለበት የሚለው ክርክር ተቀባይነት ካገኘ፣ ያው ክርክር ለጋላቢዋም መሥራት ነበረበት። አሁን ባለው አሠራር ግን በአገሮች አለመግባባት የተነሣ ውድድር አይቀርም፤ ተወዳዳሪ ግን ይቀራል።

ሌላ መንገድ መኖሩን የሚያሳዩ ምሳሌዎች አሉ። በ2012 በለንደን ኦሊምፒክ ጉኦር ማሪያል በኦሊምፒክ ባንዲራ ሥር ማራቶን የሮጠው፣ አዲሲቱ ደቡብ ሱዳን ገና የኦሊምፒክ ኮሚቴ ስላልነበራት ነው። ለብስክሌት ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ የአፍጋኒስታን ነው። ታሊባን በ2021 ሥልጣን ከያዘ በኋላ ሴቶች ከስፖርት ሲገለሉ፣ ዩሲአይ በጥቅምት 2022 የአፍጋኒስታንን የሴቶች የጎዳና ላይ ሻምፒዮና በስዊዘርላንዷ አይግል አካሄደ። በስደት ላይ ያሉ አፍጋናውያን ሴቶች በ57 ኪሎ ሜትር ውድድር ተፎካከሩ፤ ፋሪባ ሃሺሚ አሸነፈች፣ እኅቷ ዩልዱዝ ተከተለቻት። ሁለቱም በፓሪስ ኦሊምፒክ ጋልበዋል።

እርግጥ ነው የአፍጋኒስታንና የሶማሊላንድ ጉዳይ አንድ አይደለም። የአፍጋኒስታን አገርነት አላጠያየቀም፤ ዩሲአይም ለጋላቢዎቹ መፍትሔ ሲፈልግ የማንንም ወሰን አልነካም። በሐርጌሳ በኩል ማንኛውም የተለየ አሠራር ከሞቃዲሾ ተቃውሞ ሊገጥመው ይችላል። ቢሆንም የአይግሉ ውድድር አንድ ነገር አሳይቷል። ተቋሙ ሲፈልግ ጋላቢዋን ከመንግሥቷ ለይቶ ማየት ይችላል። ለአንዲት ብስክሌተኛ በግሏ በገለልተኛ ባንዲራ እንድትጋልብ መፍቀድ ለአንድ ግዛት የአገርነት ዕውቅና ከመስጠት በእጅጉ ያነሰ እርምጃ ነው።

ዕውቅናው ብቻውን ግን በቂ አይሆንም። በምሥራቅ አፍሪካ በብዙ ከተሞች በአደባባይ ብስክሌት የምትጋልብ ሴት ዓይን ይበዛባታል፤ ከቤተሰቧ ፈቃድ፣ ከመኪና የሚጠብቃት መንገድና ከጎኗ የሚጋልቡ ጓደኞች ያስፈልጓታል። ይህን አይግልም ሆነ ሎዛን አይሰጣትም። ሩዋንዳ እንዳሳየችው እርሱ የሚሠራው በየከተማው ነው።

የ2026ቱ የዓለም ሻምፒዮና ለካናዳዋ ሞንትሪያል ተሰጥቷል። ውድድሩ ወደ ቫሊዬር የትውልድ ክፍለ ግዛት ኪዩቤክ ሲሄድ፣ ለምሥራቅ አፍሪካ ጋላቢዎች ቪዛውና ትኬቱ ዳግመኛ ይርቃል። የኪጋሊ አስተዋጽኦ የሚለካውም ከእንግዲህ ከአካባቢው ስንት ሴቶች ከመነሻው መስመር እንደሚደርሱ፣ ከእነርሱም መካከል እንደ እየሩ ያሉት አገር ያጡና እንደ ሐርጌሳ ልጆች ያሉት አገራቸው ያልተመዘገበላቸው ቦታ ማግኘት አለማግኘታቸው ሲታይ ነው።