ለፕሪንተሩ የምሥጢር ቁጥር የሚጠይቅ ገዢ የት አለ?

ፕሪንተር ለመግዛት ፕሮፎርማ የሚያሰባስቡ ድርጅቶች የሚያወዳድሩት የታወቀ ነው፤ ዋጋው፣ በደቂቃ የሚያትመው ገጽ፣ የዋስትናው ዘመን። ጠንቀቅ ያሉት የቶነሩን ዋጋም ይጨምራሉ። መሣሪያው ውስጥ ተመዝግቦ የሚቀመጠውን ማስተካከያ ማን መለወጥ እንደሚችል የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። ጉዳዩ የቴክኒሻን ብቻ ይመስላል፤ ወጪው ግን ከባለንብረቱ ኪስ የሚወጣ ነው።

በቢሮዎች የሚሠራባቸው በርካታ ሌዘር ፕሪንተሮች፣ ሒውሌት ፓካርድ አውጥቶት ሌሎች አምራቾችም የተቀበሉትን ፒ.ጄ.ኤል. የተባለ የትእዛዝ ቋንቋ ያውቃሉ። ትእዛዙ የሚገባው ለኅትመት የሚላከው ጽሑፍ በሚገባበት መንገድ በመሆኑ፣ ማተም የሚችል ሁሉ ማዘዝም ይችላል። «ሴት» የሚለው ትእዛዝ ለአንድ ሥራ ብቻ ያገለግላል፤ ሥራው ሲያልቅ መሣሪያው ወደ ቀድሞው ይመለሳል። «ዲፎልት» የሚለው ግን መብራት ጠፍቶ ቢመጣም አይረሳም። የወረቀቱ መጠን፣ የቅጂው ብዛት፣ የቶነር ቁጠባው የሚለወጡት በዚህ ነው። ማንም ሳያውቅ የቶነር ቁጠባው የተነሳበት መሣሪያ ወራት ሙሉ በውጭ ምንዛሪ የመጣ ቶነር ሲበላ ይከርማል። ጥፋቱም «ይኼ ቶነር ጥራት የለውም» ተብሎ በሻጩ ይሳበባል።

መከላከያው ተጨማሪ ዋጋ የለውም። «ዲፎልት ፓስወርድ» በሚለው ትእዛዝ ከ1 እስከ 65,535 ያለ አንድ ቁጥር ለመሣሪያው ይሰጠዋል። ከዚያ ወዲያ ቋሚውን ማስተካከያ መለወጥ የፈለገ «ጆብ» ከሚለው ትእዛዝ ጋር ያንኑ ቁጥር መላክ አለበት። ቁጥሩን የማያውቅ እንደ ልቡ ያትማል፤ መለወጥ ግን አይችልም። ዜሮ ማለት ጥበቃ የለም ማለት ሲሆን፣ ፕሪንተሩ ከፋብሪካ የሚወጣውም በዜሮ ነው። በጣት የሚነካውን የፊት ሰሌዳ የሚዘጋው ሌላ ትእዛዝ ስለሆነ፣ አንዱን ዘግቶ ሌላውን መርሳት በሩን ቆልፎ መስኮቱን እንደ መክፈት ነው።

ቁልፉ ጠንካራ ነው ማለት አይደለም። ቁጥሩ ሳይመሰጠር ይላካል፤ 65,535 ቁጥር መሞከርም ለኮምፒዩተር ብዙ ሥራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የጀርመኑ ሩር ቦኹም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 20 የፕሪንተር ሞዴሎችን ፈትሸው፣ ከሞከሯቸው የጥቃት ዓይነቶች ቢያንስ በአንዱ የማይጠቃ አላገኙም። ስለዚህ ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም፤ ፕሪንተሩ ከኢንተርኔት በቀጥታ እንዳይደረስበት፣ በውስጥ መስመርም በ9100 ቁጥር በር የሚመጣውን ሥራ ከኅትመት ሰርቨሩ ብቻ እንዲቀበል ማድረግ ያስፈልጋል። ይሁንና ደካማ ነው ብሎ ዜሮ ላይ መተው ሰነፍ ክርክር ነው። የቢሮው አብዛኛው ጥፋት የሚመጣው ከተራቀቀ ጠላፊ ሳይሆን እጁ ከማያርፍ ሠራተኛና ሞክሮ ከሄደ ጠጋኝ ነው።

ሻጮች ቁጥሩን ሳይነኩ ማስረከብ ቢመርጡ አይፈረድባቸውም፤ ለጥገና ሲመለሱ ሥራ ያቀልላቸዋል። መጠየቅ ያለበት ገዢው ነው። በርክክቡ ዕለት ቁጥሩ በገዢው ፊት ይሰጥ፣ በፖስታ ታሽጎ በንብረት ክፍል ካዝና ይቀመጥ፣ ቁጥሩን የሚያውቅ ሠራተኛ ሲለቅም ይለወጥ። ሁሉም ሞዴል ትእዛዙን ስለማይቀበል፣ ሻጩ «በዚህኛው አይሠራም» ካለ ይህንኑ በፕሮፎርማው ላይ ጽፎ ማኅተም ያሳርፍበት።