ጥራት ከለቀማው ይጀምራል

ቡና ቀማሽ የተበላሸውን ይለያል እንጂ አያድነውም። ሳይበስል የተለቀመ እሸት፣ መሬት ላይ ተሰጥቶ አፈር አፈር የሚል ጀንፈል፣ በወጉ ሳይደርቅ ጆንያ ገብቶ የሻገተ ፍሬ፣ የትኛውም ቤተ ሙከራ ቢደርስ የጠፋው ጣዕም አይመለስለትም። የጥራት ሥራ አመራር ቁም ነገሩ ይኸው ነው፤ ጥራት የሚገነባው በየደረጃው ሲሆን የመጨረሻው ምርመራ የሚነግረን የኪሳራችንን ልክ ብቻ ነው። አሜሪካዊው የጥራት ባለሙያ ኤድዋርድስ ዴሚንግም እ.ኤ.አ. በ1950 ለጃፓን ኢንዱስትሪ መሪዎች ያስተማረው ይህንኑ ነበር።

ቸል ማለት የሚያስከፍለውን ዋጋ እኛም አይተነዋል። በ2000 ዓ.ም. ጃፓን ከኢትዮጵያ በሄደ ቡና ላይ ከተፈቀደው መጠን ያለፈ የፀረ ተባይ ኬሚካል ቅሪት አገኘች፤ ግዢዋም ክፉኛ አሽቆለቆለ። ያን ጊዜ ጥርጣሬው በዋናነት ያረፈው ቡናው በተሞላበት ጆንያ ላይ ነበር። የጆንያ ዋጋ ከቡናው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ሆኖም ከየት እንደመጣና ቀድሞ ምን እንደተያዘበት የሚጠይቅና የሚመዘግብ አሠራር ከሌለ፣ የገበሬው የዓመት ልፋት በማያውቀው ስህተት ገበያ ያጣል።

«ይህ ለትልልቅ ፋብሪካዎች ነው፤ ለእኛ ወጪውም ወረቀቱም ይበዛል» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ከፊሉ እውነት ነው። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሥራውን ያልለወጠ የአይኤስኦ 9001 የጥራት ሥራ አመራር ምስክር ወረቀት ከንቱ ወጪ ነው። ነገር ግን የቡናውን እርጥበት ለክቶ በደብተር ማስፈር፣ የእያንዳንዱን አቅራቢ ቡና ለይቶ ማስቀመጥ፣ ጉድለት ሲገኝ ምንጩን መፈለግ አነስተኛ ነጋዴም የሚችለው ነው። ተመላሽ ዕቃና የሸሸ ደንበኛ ያመጡት ወጪ ግን በመዝገብ ባይሰፍርም በየዕለቱ እየተከፈለ ነው።

ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ የለቃሚው ነው። ክፍያው በኪሎ ብቻ ከሆነ፣ ቀዩን መርጦ የለቀመውና ቅርንጫፉን ሙልጭ ያደረገው እኩል ዋጋ ካገኙ፣ ጥንቃቄ የሚጎዳው ጠንቃቃውን ነው። እዚህ ላይ ምክርም ሥልጠናም ብቻውን አያዋጣም። ስለዚህ ጥራት የሠራተኛ ጸባይ ጉዳይ ከመሆኑ በፊት የኃላፊው ውሳኔ ነው፤ ቀይ እሸት የሚፈልግ ለቀይ እሸት ይክፈል።