ኮኩን ጋግሩት!

ሐምሌ ሲገባ ሁለት ነገር አይቀርም፤ ጭቃና ኮክ። ጭቃው ጫማችንን ይበላል፣ ኮኩ ደግሞ መንገድ ዳር ላስቲክ ላይ ተደርድሮ ዝናብ ይመታዋል። ገዝተን ጥሬውን እንቆረጥመዋለን፣ የተረፈው ይበሰብሳል። እንግዳ ሲመጣ ግን ዣንጥላ ይዘን ወደ ኬክ ቤት! ያውም ለቀዝቃዛ ክሬም፣ በዚህ ብርድ፣ በዚያ ዋጋ።

እኛ የምንለው፣ ኮኩን ጋግሩት ነው። እንግሊዞች ክራምብል ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1940 ቅቤና ስኳር በራሽን መታደል ሲጀምር ለቤታቸው የተመቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከፓይ ሊጥ ያነሰ ቅቤ ይበቃዋል። እንቁላል የለ፣ እርሾ የለ፣ መዳመጥ የለ። አሥር ያህል ኮክ ፍሬውን አውጥታችሁ ክተፉ፣ ትንሽ ስኳርና ቀረፋ ነስንሱበት። 200 ግራም ዱቄትና 100 ግራም ቀዝቃዛ የገበታ ቅቤ በጣት ጫፍ እሹ፤ ፍርፋሪ ሲመስል 100 ግራም ስኳር ጨምሩና ከላይ በትኑት። እንዳታቦኩት ብቻ! በ180 ዲግሪ 40 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ጭማቂው በዳር በዳሩ ሲንተከተክ ደርሷል። ኮካችን ጠንካራና ኮምጣጣ መሆኑ እዚህ ላይ ጠቀመን።

ኦቨን የለንም ለምትሉ፣ ድፎ የሚደፉት እናቶቻችን ኦቨን ነበራቸው እንዴ? ከታች እሳት፣ ከላይ ክዳኑ ላይ ፍም። መብራት ቢጠፋም ግድ የለውም። በፍልሰታ ቅቤው በዘይት ይተካል፤ ፍርፋሪው ትንሽ ይከብዳል እንጂ ይበላል።

የቀረው ይሉኝታ ነው። ክሬም የሌለው ነገር ለእንግዳ ይቀርባል ወይ የሚሉን አሉ። እንግዳው እኮ በዝናብ ነው የመጣው፤ ትኩሱን ሳህን እጁ ላይ አድርጉለትና ይፍረድ።